ጋርዱ ታልፎ ጉልበቱ ሲመለስ፦ የብራዚል ጁጂትሱ ችግርና መፍትሄ

ጋርድ ማለት ከታች ያለው ተጋጣሚ በእግሮቹ የሚከላከልበት አቋም ነው፤ ማለፍ ማለት እግሮቹን አልፈህ ደረቱ ላይ መርጋት ነው።

ምልክት፦ ገና መራመድ ስትጀምር ወደ ፊት ተጎትተህ ትደፋለህ።
ተጋጣሚህ እጅጌህንና ኮሌታህን ጨብጦ ሳለ ለማለፍ ቸኩለሃል። ወገብህን አቅና፤ በሁለት እጅህ የአንድ እጁን ጭብጥ አስለቅቅ። ጭብጡ ሳይላቀቅ የሚደረግ ሩጫ ትርፉ ድካም ነው።

ምልክት፦ እግሮቹን አልፈህ ደረቱ ላይ ልታርፍ ስትል ጉልበቱ በመካከላችሁ ይገባል፤ እንደገና ክፍት ጋርድ (እግሮቹ ወገብህ ላይ ያልተቆለፉበት ጋርድ) ውስጥ ነህ።
ልምምድ ላይ ከሁሉ በላይ የማርመው ይህንን ነው። ብዙዎች ፍጥነት ያነሳቸው ይመስላቸዋል። ችግሩ የዳሌው ነጻ መሆን ነው። ቶሪያንዶ በሚባለው የማለፊያ ስልት ሱሪውን ጉልበቱ አካባቢ ትይዛለህ፣ እግሮቹን ወደ አንድ ጎን ትገፋለህ፣ አንተ በሌላው ጎን ትዞራለህ። እስከዚህ ሁሉም ያምርበታል። ከዚያ ሱሪውን ለቅቀህ አንገቱ ላይ ስትዘል ዳሌውን ያሸሽና በተከፈተው ቦታ ጉልበቱን ያስገባል።

ስለዚህ ሱሪውን ሳትለቅ ትከሻህን ዳሌው ላይ አሳርፍ። ጉልበትህ ምንጣፉን አይንካ፤ በእግር ጣቶችህ ግፋ፣ ክብደትህ በሙሉ በትከሻህ በኩል ይውረድ። ዳሌው መንቀሳቀስ ሲያቆም ብቻ አንድ እጅህን ከአንገቱ ሥር አስገብተህ አገጩን በትከሻህ ወደ ማዶ አዙር። ፊቱ ወደ ማዶ የዞረ ሰው ወደ አንተ መመለስ ይከብደዋል። ሌላው ክርንህ ዳሌው አጠገብ ያለውን ክፍተት ይዝጋ፤ ሲረጋጋ በሩቁ ብብቱ ሥር ታስገባዋለህ።

ብረት የሚያነሣ አንድ ጠንካራ ወጣት አሠለጥን ነበር። ከእሱ በጣም የምትቀል ባለ ሰማያዊ ቀበቶ ልጅ እግሯን ባለፈ ቁጥር ጉልበቷን እየመለሰች ትንፋሹን ጨረሰችው። አንገቷን እንዳይነካ ከለከልኩት፤ ትከሻው ዳሌዋ ላይ እንዲቆይ ብቻ ነገርኩት። በዚያው ምሽት አልፎ ቆየ። ሌላው ደግሞ ውድድር ላይ እግሮቹን እንዳለፈ ነጥብ ፍለጋ ዳኛውን ሲመለከት የተጋጣሚው ጉልበት ገባበት። በዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ደንብ ጋርድ ማለፍ 3 ነጥብ የሚያሰጠው ቦታውን ለ3 ሰከንድ ስታጸና ነው። ሰሌዳውን መመልከት ለተመልካች ተዉት!

ተጋጣሚህ ፊቱን አዙሮ በጉልበቱና በክርኑ ከተንበረከከ ጋርዱን አታሳድድ፤ ጀርባውን ያዝ።

ምልክት፦ እግሩ ከውጭ በኩል ጭንህ ላይ ተጠምጥሞ ቁርጭምጭሚትህን በእጁ ይዟል።
ደ ላ ሪቫ ጋርድ ነው። ነጻ እግሩን ወደ ምንጣፉ ተጫን፤ የተያዘውን ጉልበትህን ወደ ውጭ አዙረህ ጥምጥሙን አላላ። እግሩ ተቆልፎ ሳለ በኃይል አትሽከርከር፤ የሰው ጉልበት ይበጠሳል።

ምልክት፦ በትሪያንግል (አንገትህንና አንድ እጅህን በእግሮቹ መካከል ቆልፎ በማነቅ) ትታነቃለህ።
አንድ እጅህን ብቻ በእግሮቹ መካከል ትተሃል። ሁለቱም ውስጥ፣ አለዚያ ሁለቱም ውጭ ይሁኑ።

ጣትህን በሱሪው ጫፍ ውስጥ አታስገባ። በፌዴሬሽኑ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ጣትም ይሰብራል። የተተረተረ ሱሪ ለብሶ ወይም ጥፍሩን ሳይቆርጥ የመጣን ሰው ወደ ምንጣፍ አላስገባም።