የእንግሊዝኛ ቃላትን በአጀማመራቸው እያቧደኑ ትርጉማቸውን እንዴት መያዝ ይቻላል

እንግሊዝኛ ስታጠኑ ዲክሽነሪ ከፍታችሁ ከኤ ጀምሮ በተርታ የምትሸመድዱ ከሆነ እባካችሁ አቁሙ፣ እንደዛ የተያዘ ቃል በሳምንቱ ይጠፋል። ይልቅ አጀማመራቸው አንድ የሆኑትን ሰብስባችሁ አንድ ላይ አጥኗቸው። ይሄን እኮ በአማርኛ ሳናስበው ነው የምናደርገው፣ ከፈተ፣ ተከፈተ፣ አስከፈተ ሲባል "ተ" ስትመጣ ነገሩ እንደተደረገ "አስ" ስትመጣ ደሞ በሌላ ሰው እንዳስደረገው ማንም ሳይነግረን ይገባናል።

መጀመሪያ ደብተር ያዙና ለአንድ አጀማመር አንድ ገጽ ስጡ። ከምታውቁት ጀምሩ፣ ለምሳሌ ቴሌ። እኛ ቴሌ ሲባል ካርድና ኔትወርክ ነው ትዝ የሚለን፣ ቃሉ ግን ከግሪክ የመጣ ነው፣ "ሩቅ" ማለት ነው። ፎን ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ቴሌፎን የሩቅ ድምፅ፣ ቴሌስኮፕ ሩቅ ማያ፣ ቴሌግራም ከሩቅ የሚመጣ ጽሑፍ። ቴሌቪዥን የሚለውን ቃል እኤአ በ1900 ፓሪስ በነበረው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ኮንስታንቲን ፐርስኪ የሚባል ሩሲያዊ ነው የተጠቀመበት፣ ያኔ ዛሬ የምናውቀው ቴሌቪዥን ገና አልተሰራም፣ ግን የቃሉን ሁለት ክፍል የሚያውቅ ሰው "ከሩቅ ማየት" መሆኑ ወዲያው ይገባዋል።

ቀጥሎ መጀመሪያውን ቆርጣችሁ የቀረው ብቻውን ቃል መሆኑን እዩ። በዩ-ኤን ፊደላት የሚጻፈው አን ከአንሃፒ ላይ ሲነሳ ሃፒ ይቀራል፣ ስለዚህ "ደስተኛ ያልሆነ"። ከአንሎክ ላይ ሲነሳ ሎክ ይቀራል፣ እዚህ ጋ ግን "አልቆለፈም" ሳይሆን "የተቆለፈውን ከፈተ" ነው፣ ግስ ላይ ሲገባ የተሰራውን ያፈርሳል። አንክል ላይ ብትቆርጡ ደሞ የሚረባ ነገር አይቀርም፣ አጎት አጎት ነው በቃ። ዩኒፎርምና ዩኒትም በዩ-ኤን ይጀምራሉ ግን የነሱ ዩኒ የላቲን ነው፣ "አንድ" ማለት፣ ዩኒፎርም አንድ ዓይነት ቅርጽ።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው አይ-ኤን፣ ማለትም ኢን ነው፣ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አንዴ ቀለም ቤት የቲነር ቆርቆሮ ይዤ ላዩ ላይ ኢንፍላመብል የሚል አነበብኩና ኢን "አይደለም" ስለሆነ አይቀጣጠልም ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት፣ ሻጩ ነው ኧረ ከእሳት አርቀው ያለኝ። ነገሩ ላቲን ውስጥ ሁለት ኢን አለ፣ አንዱ "አይደለም" ሌላው "ወደ ውስጥ"። ኢንኮሬክት ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው፣ ኢንፍላመብል ላይ ያለው ሁለተኛው፣ ወደ ነበልባል የሚገባ፣ ማለትም በቀላሉ የሚቀጣጠል። አሁን ብዙ ዕቃ ላይ ፍላመብል ብቻ የሚጻፈው ሰው እንዳይሳሳት ነው፣ ሁለቱም ትርጉማቸው አንድ ነው። እና ኢን መልኳን ትቀይራለች፣ ከፒና ከኤም በፊት ኢም ትሆናለች፣ ኢምፖሲብል፣ ከኤል በፊት ኢል፣ ኢሊጋል፣ ከአር በፊት ደሞ ኢር፣ ኢሬጉላር። ስለዚህ እነዚህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አስገቧቸውና መሃል ላይ መስመር አስምሩ፣ በግራ "አይደለም"፣ በቀኝ "ወደ ውስጥ"፣ ኢምፖርት፣ ዕቃ ወደ አገር ውስጥ ማስገባት፣ በቀኝ ይገባል።

ከዛ እኔ በጣም የምወደው ይመጣል፣ ተቆርጦ ምንም የማይቀርለት ግን ድምፁ ራሱ ትርጉም የሚሸከም። በኤስ-ኤን የሚጀምሩትን ጻፏቸው፦ ስኒዝ ማስነጠስ፣ ስኖር ማንኮራፋት፣ ስኒፍ ማሽተት፣ ስናውት የእንስሳ አፍንጫ። ሁሉም አፍንጫ! በጂ-ኤል ደሞ ብርሃንና ዓይን ይበዛል፣ ግሎው፣ ግሊተር፣ ግሊም፣ ግላንስ ማለት ቶሎ ገልመጥ አድርጎ ማየት። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ፈርዝ እኤአ በ1930 ለዚህ ነገር ፎንስቲም የሚል ስም አወጣለት። ደስ የሚለው ስኒዝ ድሮ በኤፍ-ኤን ነበር የሚጀምረው፣ በኋላ ነው ወደ ኤስ-ኤን የዞረው።

ይሄ ሕግ ሳይሆን ዝንባሌ ስለሆነ የማይገቡትን ገጹ ግርጌ ላይ በቀይ ጻፏቸው፣ ስኖው በረዶ፣ ስኔክ እባብ፣ ከጂ-ኤል ደሞ ግሉ ማጣበቂያ፣ ግላቭ ጓንት። እኔ ቀይ የጻፍኳቸውን ነው ከሁሉም ቀድሜ የያዝኳቸው።