የግፊት መዝገባችሁን ከማመናችሁ በፊት

ነርስ ሆኜ ስሠራ ቁጥር የምጽፈው ለሪፖርት ነበር። ወር ሲያልቅ ደምሬ እልካለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንዳየው አላውቅም። አሁን ሥራዬ ያንኑ ቁጥር ለታካሚው ማዋል ነው። አካሄዴን በደም ግፊት ክትትል ላሳያችሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ያዙ። «እስቲ ዳታውን እንየው» ብሎ የተነሳ ሰው ሲባክን ይውላል። የኔ ጥያቄ ይህ ነበር፦ መድኃኒት ከጀመሩ 6 ወር ከሞላቸው ታካሚዎች ውስጥ በመጨረሻው ልኬት ከ140/90 በታች የሆኑት ስንቶቹ ናቸው?

ቀጥሎ መዝገቡን ጠርጥሩት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የላይኛውን ግፊት የመጨረሻ አሃዝ ብቻ ለይታችሁ ቁጠሩ። በእጅ የሚነፋው መለኪያ የሚነበበው በሁለት በሁለት ነው፤ ስለዚህ በ0 የሚያልቀው ልኬት ከአምስት አንድ፣ ማለትም 20 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። እኔ ገጹን ስገልጥ 120፣ 130፣ 140፣ እንደገና 140። 138ም 142ም «140» ተብለው ገብተዋል፤ ከጻፉትም አንዷ እኔው ነበርኩ። መድኃኒት ይጨመር አይጨመር የሚባለው ደግሞ እዚችው ድንበር ላይ ነው። ሰው አትውቀሱ፤ ወረፋ ሲበዛ ሁሉም ያጠጋጋል። ያነበቡትን እንዳለ እንዲጽፉ አስማሙ፤ ከተገኘም ራሱ የሚለካ መሣሪያ ስጧቸው።

ከዚያ «ከስንቱ?» በሉ። የመጀመሪያ ሒሳቤ ያማረ ነበር፤ ለካስ የቆጠርኩት የመጡትን ብቻ ነው። ቀጠሮ አልፏቸው የቀሩት ከሒሳቡ ወጥተዋል፤ ሰው በጠፋ ቁጥር ውጤቴ ያምራል ማለት ነው! አሁን የተመዘገበው ሁሉ ይቆጠራል፤ ልኬት የሌለው ግፊቱ ካልተስተካከለው ጋር ይደመራል።

የጠፉትን ዝርዝር በየሳምንቱ አውጡና ለሚደውል ሰው ስጡ። ከሥራው ሁሉ ታካሚውን ቶሎ የሚጠቅመው ይኼ ነው። ወረቀቱ ላይ ስም፣ ካርድ ቁጥርና ስልክ ይበቃል፤ የበሽታው ስም አይጻፍ። ስልኩን ሌላ ሰው ካነሳውም ስለ ግፊት አንዲት ቃል አይነገር።

ውጤቱን በየወሩ በመስመር ግራፍ ላይ ነጥብ አድርጉ፤ ሚዲያኑንም፣ ማለትም ወርሃዊ ውጤቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን ቁጥር፣ አስምሩ። አንድ ወር ከፍ ስላለ አትፈንጥዙ፣ ስለወረደም አትደንግጡ። 6 ተከታታይ ነጥቦች ከሚዲያኑ በአንድ ወገን ካረፉ ግን የሆነ ነገር ተለውጧል። ያ «የሆነ ነገር» መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል፤ ማጠጋጋቱን ያስቆማችሁ ዕለት፣ ታካሚዎቹ እንደነበሩ ሆነው ቁጥሩ ብቻ ሊዘል ወይም ሊወርድ ይችላል። እኔ ያችን ቀን ግራፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌባታለሁ።