ከመድኃኒት መስኮት ተነስቶ የአገር መድኃኒት ጥናትና ፖሊሲ መምራት እንዴት ይቻላል?

ወጣት ፋርማሲስቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ፖሊሲ ውስጥ ለመግባት የትኛውን ማስተርስ ልማር?» ማስተርሱ ይጠቅማል፣ አልክድም። ስብሰባ ላይ ሰው ዞር ብሎ የሚያዳምጣችሁ ግን በዲግሪ አይደለም። «ከየት አመጣችሁት?» ስትባሉ ፍንክች የማትሉበት አንድ ቁጥር ሲኖራችሁ ነው። እዚያ ቁጥር ላይ እስክደርስ ብዙ ተንገዳግጃለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ቆዩ

ሁለት ሦስት ዓመት መድኃኒት አድሉ። የማይነበብ ማዘዣ አንብቡ፣ ስቶክ ቁጠሩ። ይህን ዘለው ቀጥታ ቢሮ የገቡ ጓደኞች አሉኝ። ጎበዞች ናቸው። ግን ስቶክ ካርድ ላይ «0» ሲያዩ መድኃኒቱ አልቆ ይሁን መዝጋቢው ረስቶት ይሁን አይጠረጥሩም።

2. የመጀመሪያ ጥናታችሁን ባለ ዘዴ ሥሩ

አዲስ መለኪያ ለመፍጠር አትድከሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ያወጣቸው የመድኃኒት አጠቃቀም መለኪያዎች ዛሬም ይሠራሉ። ማዘዣን የሚመለከቱት አምስት ናቸው። ለአንድ ታካሚ በአማካይ ስንት መድኃኒት ታዘዘ? ስንቱ በጄኔሪክ ስሙ (በንግድ ስሙ ሳይሆን በመድኃኒቱ የጋራ ስም) ተጻፈ? ከመቶው ታካሚ ስንቱ አንቲባዮቲክ፣ ስንቱ መርፌ ታዘዘለት? ከታዘዘው ውስጥስ ስንቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ?

ለአጠቃላይ ዳሰሳ ቢያንስ 20 ጤና ተቋማት፣ ከእያንዳንዱ 30 ማዘዣ፣ በድምሩ 600 ይበቃል። አንዱን ተቋም ለብቻው መገምገም ከፈለጋችሁ ግን ከዚያ ተቋም ቢያንስ 100 ያስፈልጋል። በ30 ማዘዣ ተቋማትን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ይውጣ። ሰብስበው ከጨረሱ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው።

3. ከማዘዣ ወደ አገር ቁጥር ተሻገሩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ።

አገር ስንት አንቲባዮቲክ ተጠቀመ? ካርቶን ቆጥሮ መመለስ አይቻልም። አንዱ 250 ሚሊ ግራም ነው፣ ሌላው 500፣ ሌላው መርፌ። ስለዚህ ሁሉም ወደ ዲዲዲ ይቀየራል። ዲዲዲ ማለት አንድ መድኃኒት ለዋነኛ ጥቅሙ ሲሰጥ ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን በአማካይ ይወሰዳል ተብሎ የታሰበው መጠን ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ኦስሎ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የትብብር ማዕከል ነው። መለኪያ እንጂ ለታካሚ የሚታዘዝ ዶዝ አለመሆኑን አትርሱ። ለሕፃናት ብቻ የሚሰጠውንም በደንብ አይለካም።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 1 ሚሊዮን ሕዝብ በዓመት 1 ሚሊዮን ባለ 500 ሚሊ ግራም የአሞክሲሲሊን ካፕሱል ተጠቀመ እንበል። ያ 500,000 ግራም ነው። የአሞክሲሲሊን ዲዲዲ 1.5 ግራም ስለሆነ ስናካፍል 333,333 ዲዲዲ ይመጣል። ለ365 ቀን ሲካፈል 913 ይሆናል። ያን በሕዝቡ ቁጥር አካፍለን በ1,000 ስናባዛ ለ1,000 ሰው በቀን 0.91 ዲዲዲ ማለት ነው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ ላይ የአሞክሲሲሊን ፍጆታ በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ ብዬ ስላይድ አቀረብኩ። ተጨበጨበልኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት የስቶር ኃላፊ እጃቸውን አወጡ። «ወንድሜ፣ እኛ ከስቶር ያወጣነው ካርቶን እኮ አልቀነሰም» አሉ። አልቀነሰም ነበር። የቀድሞውን ዓመት ያሰላሁት በአሮጌው ዲዲዲ፣ በ1 ግራም ነበር። በ2019 ወደ 1.5 ግራም ተቀይሯል። ያው 1 ሚሊዮን ካፕሱል በአሮጌው 1.37፣ በአዲሱ 0.91 ይሰጣል። የቀነሰው አካፋዩ ስለጨመረ ብቻ ነበር።

መዘዙ በዚህ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን አክሰስ (በቅድሚያ የሚመረጡ)፣ ዎች (በጥንቃቄ የሚሰጡ) እና ሪዘርቭ (ለመጨረሻ አማራጭ የሚቀመጡ) ብሎ ይከፍላል። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በ2024 በዓለም ደረጃ የአክሰስ ድርሻ በ2030 ቢያንስ 70 በመቶ እንዲደርስ ተስማምተዋል። አሞክሲሲሊን አክሰስ ውስጥ ነው። ድርሻው በዲዲዲ ሲሰላ አሮጌና አዲስ ቁጥር ከተቀላቀለ ግቡን ያሳካ አገር ያላሳካ መስሎ ይታያል። መፍትሔው ቀላል ነው። ያለፉትን ዓመታት ሁሉ በአንድ የዲዲዲ ዝርዝር እንደገና አስሉ፣ የዝርዝሩንም ዓመት ሰንጠረዡ ሥር ጻፉ።

ሌሎቹ ወጥመዶች የታወቁ ናቸው። የተገዛ ሁሉ አልተዋጠም፤ የአንድ ዓመት ግዢ ለሁለት ዓመት ሊበቃ ይችላል። የመንግሥት ተቋማትን ፍጆታ ብቻ ይዛችሁ ለጠቅላላው ሕዝብ ካካፈላችሁ ደግሞ አገሪቱ ቁጥብ ትመስላለች።

4. ስለ መሣሪያ

ለጀማሪ ኤክሴል ይበቃል። ዋናውን መረጃ ግን አትንኩት፤ ኮፒ አድርጋችሁ ሥሩ። በየዓመቱ የሚደጋገም ስሌት ሲሆን አር (R) የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ብትማሩ ይሻላል፤ የሠራችሁት እያንዳንዱ ነገር ተጽፎ ይቀመጣል። ውድ ሶፍትዌር ካልተገዛልን የሚሉ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ የጎደላቸው ሶፍትዌር አይደለም።

5. ሁለት ገጽ ጻፉ

80 ገጽ ሪፖርት መደርደሪያ ያሞቃል። ውሳኔ ሰጪው የሚያነበው ሁለት ገጽ ነው። መጀመሪያ ማን ምን መቀየር እንደሚችል ለዩ። የመድኃኒት ዝርዝሩን የሚያወጣው ኮሚቴ፣ ግዢ ክፍሉና የጤና መድኅኑ የተለያየ ሥልጣን አላቸው። ለሦስቱም አንድ ወረቀት ከላካችሁ ሁሉም «ይህ የሌላው ሥራ ነው» ይላል። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፣ ወጪውንም ጻፉ።

ቁጥሩ የሚያሳፍረውን ክፍል ከስብሰባው በፊት ሄዳችሁ አሳዩት። በሰው ፊት ያዋረዳችሁት ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት መረጃ አይሰጣችሁም። ደግሞ እኔን እንዳረሙኝ ስህተታችሁን ሊያገኝላችሁ ይችላል።

6. ኮሚቴ ውስጥ ስትገቡ

ከአምራች ወይም ከአስመጪ ያገኛችሁትን ክፍያ፣ ስልጠና፣ የጉዞ ወጪ ሁሉ በጽሑፍ አሳውቁ። ትንሽ ናት ብላችሁ የተዋችኋት ነገር ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ሲያወጣት ትልቅ ትሆናለች። የሚመለከታችሁ መድኃኒት ሲነሳ ከክፍሉ ውጡ።

ቡድን መምራት ስትጀምሩ ስሌቱን ከባዶ ደግሞ የሚሠራ፣ የእናንተን ፋይል ያላየ አንድ ሰው መድቡ። ሁለቱ ቁጥር ካልተገናኘ ስላይድ አይሠራም። እኔ ይህን ሥራ የምሰጠው ስቶር ውስጥ ለሠራ ሰው ነው።