የቫልቭ ኮቨር ቅየራ፦ ከማብረቅረቁ በፊት መተንፈሻው

ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በላይ ተቀምጦ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚሸፍነው የቫልቭ ኮቨር የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። ይጨምራል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ኮቨሩ ሥራው ሁለት ነው፦ ዘይት እንዳያፈስ መዝጋትና ሞተሩ እንዲተነፍስ መንገድ መስጠት። መቀየር የሚያስፈልገውም የፕላስቲኩ ኮቨር ሲሰነጠቅ ወይም ሲጣመም፣ ከፍታው የጨመረ ካምሻፍት ገብቶ ቦታ ሲጠብ፣ ወይም ቱርቦ ተጨምሮ የድሮው መተንፈሻ ሲያንስ ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ጓርኒሲዮኑን (በመጋጠሚያው መካከል ያለውን ማሸጊያ) ብቻ ቀይሩና ገንዘባችሁን ለጎማና ለፍሬን አስቀምጡት።

ለአዲሱ ኮቨር ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጡት። ከመተንፈሻው ቀዳዳ ሥር መከለያ መኖር አለበት። በፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባው ጋዝ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው፤ መከለያው የሚረጨውን ዘይት ያዝ አድርጎ ወደ ታች ይመልሳል፣ ጋዙን ብቻ ያሳልፋል። ብዙ ርካሽ የአሉሚኒየም ኮቨሮች ላያቸው አምሮ ውስጣቸው ባዶ ነው። ያን ጊዜ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ወደ አየር መስመሩ ይሳባል፤ መኪናው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል፣ ባለቤቱም ፋሻ አልቋል ብሎ ደህናውን ሞተር ያስወርዳል።

በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ስስ ሽፋን በፕላስቲኩ ኮቨር ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። ወደ አሉሚኒየም ስትለውጡ ያ ክፍል አብሮ ካልመጣ ለብቻው የፒሲቪ ቫልቭ (የሞተሩን ሆድ ጋዝ የሚያስወጣ ቫልቭ) መግጠም ግድ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይፈልጋል፤ ያለዚያ የቱርቦው ግፊት በመተንፈሻው ተመልሶ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባና ፓራዎሊዮ (የዘንግ ዘይት ማሸጊያ) ይገፋል። የቱቦውን የውስጥ ስፋት ከፋብሪካው አታሳንሱ።

ዝርግነቱን በብረት ማስመሪያና በስስ መለኪያ ቅጠል ፈትኑ። 0.10 ሚሊ ሜትር ቅጠል ከማስመሪያው ሥር በቀላሉ ካለፈ ኮቨሩ ተጣሟል። ጓርኒሲዮኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይቻላል። ጎማው በቦይ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ግን አታስልጡት፦ ቦዩ ጥልቀቱን ያጣል፣ ጎማው ከመጠን በላይ ይጨፈለቃል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን መመለስ ነው። ባሕር ዳር ላይ ያልተገኘ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪላክ መኪናው ተፈቶ ስለሚቆም፣ ይህን ሁሉ ኮፋኖ ከመክፈታችሁ በፊት ጨርሱ።

አሮጌው ኮቨር ከተነሳ በኋላ በካምሻፍቱና በአዲሱ ኮቨር መካከል ያለውን ክፍተት ለመለካት ፕላስቲሲን፣ ከሌለም በእጅ የለሰለሰ የጧፍ ሰም በቂ ነው። ካሙ በሚያልፍበት ቦታ ከኮቨሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት፤ ካምሻፍቱ ላይ አይደለም፣ እዚያ ከለጠፋችሁት ቁራጩ ሞተር ውስጥ ይቀራል። ኮቨሩን ከነጓርኒሲዮኑ በእጅ አስሩና ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ስታነሱት ሰሙ በጣም የተጨፈለቀበት ቦታ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቅርለት። ሰሙን አንድም ሳታስቀሩ አጽዱ።

የቀለጠ አሉሚኒየም ፈስሶበት የተሠራ ኮቨር አሸዋና የብረት ብናኝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በተለይ ከመከለያው ሥር፣ በብሩሽ እጠቡትና በአየር ንፉት። ቀለም ማስቀባት ከፈለጋችሁ ውጩን ብቻ፤ ዘይት በሚነካው በኩል የተቀባ ቀለም ተላልጦ የዘይት መንገድ ይዘጋል።

መፍታት

ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ይሁን። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ኮይሎቹን (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) ከማውጣታችሁ በፊት ዙሪያቸውን በአየር ንፉ፣ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አቧራ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ። ቡሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል እያፈራረቃችሁ አላሉ፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ የኮቨሩን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሥሉና እያንዳንዱን በየቦታው ሰኩት። ኮቨሩ አልነሳ ካለ ጠርዙን በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱ። ካቻቪቴ በመካከል አታስገቡ፣ አሉሚኒየሙ ላይ የሚቀረው ጭረት በሲሊከን አይታረምም። ኮቨሩ እንደተነሳ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ካቴና ክፍተት ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉ። እዚያ የወደቀች አንዲት ሮንዴላ የፊት ክዳን ወይም የዘይት ኮፓ (ከሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ታስወርዳለች።

አሮጌውን ሲሊከን በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱ፣ ገጹን በፍሬን ማጽጃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ። የታጠበበትን ማጽጃና ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙ። የከተማው ቦይ ወደ ጣናና ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው፣ ቦይ ውስጥ መድፋት ሐይቁ ላይ መድፋት ነው።

መግጠም

ጎማውን ደረቅ አድርጋችሁ ቦዩ ውስጥ አስቀምጡ። የካንዴላ ጉድጓድ ጎማዎችንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አሮጌዎቹ ከቀሩ ዘይት ጉድጓዱን ይሞላል፣ የኮይሉ ጎማ ያብጣል፣ ሞተሩ ይቆራረጣል። ሲሊከን የሚገባው የፊት ክዳኑና ቴስታታው የሚጋጠሙባቸው ሁለት ነጥቦች እና ግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው መድፈኛዎች ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ዙሪያውን መቀባት የተለመደ ነገር ነው፣ ግን ጥፋት ነው፦ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ከቀባችሁ በኋላ ኮቨሩን በ3 ደቂቃ ውስጥ አስቀምጡ። ሲሊከን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው፤ ስለዚህ በክረምት ቶሎ ይይዛል፣ በበጋው ደረቅ አየር ይዘገያል። ቢያንስ 2 ሰዓት፣ በበጋ ቢሆን ሌሊቱን ይደር።

አዲስ ኮቨር ውፍረቱ ስለሚለይ የድሮዎቹ ቡሎኖች ላይበቁት ወይም ሊተርፉት ይችላሉ። ባለ 6 ሚሊ ቡሎን አሉሚኒየም ውስጥ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ፊለት (ጥርስ) ይያዝ፣ ከጉድጓዱ ወለል ግን 2 ሚሊ ሜትር ይቅረው። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካለ ንፉት፤ ማምለጫ ያጣ ዘይት ቡሎኑ ሲገባ አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል።

ከመሃል ወደ ዳር በሦስት ዙር አጥብቁ፦ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ 5 ኒውተን ሜትር፣ መጨረሻ 9። የሞተራችሁ መጽሐፍ ወይም የኮቨሩ አምራች ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእነሱን ተከተሉ። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከሌለ ከቡሎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የቁልፉን እጀታ በተንጠልጣይ የስፕሪንግ ሚዛን ሳቡት፤ ከቁልፉ ጋር በ90 ዲግሪ አንግል 6 ኪሎ ሲያነብ 9 ኒውተን ሜትር ደርሷል። ካፈሰሰ ጨምሮ ማጥበቅ ፊለት ከመብላት በቀር ምንም አይፈይድም፤ የሚያፈስ ኮቨር ይፈታና ምክንያቱ ይፈለጋል።

መፈተሽ

ሞተሩን አስነሱና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡ) 10 ደቂቃ ተዉት። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ቀጭን ወረቀት አስቀምጡበት፦ በቀስታ ወደ ውስጥ ከተሳበ መተንፈሻው ይሠራል፣ ወደ ላይ ከተገፋ የሆነ ቦታ ተዘግቷል። በቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የአየር መሳብ ኃይል በሚለካ መሣሪያ) ከለካችሁ ከፍታውን አትርሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በባሕር ጠለል ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ12 እስከ 15 ያነባል። የውጭ ቪዲዮ ተከትሎ አየር ያስገባል ማለትና ኮቨሩን ደግሞ መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ከአሉሚኒየም ኮቨር በኋላ የቫልቭ ድምፅ ከፍ ብሎ መሰማቱም ብልሽት አይደለም፣ ፕላስቲኩ ድምፁን ያፍን ስለነበር ነው።

በጎንደር መንገድ ሐሙሲት ደርሶ መመለስ ለመጀመሪያው ፍተሻ ይበቃል። መተንፈሻውን በደንብ የሚመረምረው ግን የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ሞተሩ አየር በኃይል ይስባል፤ ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ መከለያው ወይም የፒሲቪ ቫልቩ ዘይት እያሳለፈ ነው። ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ በከባድ ጭነት በፋሻው የሚሾልከው ጋዝ ይበዛል፣ ጠባብ መተንፈሻ ካለ ዘይት በጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ላብ ብሎ ይታያል። ላቡ ከየት እንደጀመረ ካልለየ ጠርዙን አጽድታችሁ በደንብ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና 20 ኪሎ ሜትር ንዱ። ፓውደሩ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ነው የሚፈታው።