የክፍል ስም ዝርዝር ወደ ዲጂታል ማርክ ሊስት ሲገባ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ኤክሴል ላይ ምንም ያልጎደለው የስም ዝርዝር ሙድል ወይም ሌላ የውጤት መመዝገቢያ ውስጥ ሲጫን ይበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሲስተሙ አይደለም፤ ፋይሉ ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ ወይም በመሰል ምልክት የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሲቀየር መንገድ ላይ የሆነ ነገር አለ። ስለዚህ ከሪከርድ ኦፊስ የመጣውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡና በኮፒው ላይ ሥሩ። መጀመሪያ 3 ተማሪ ብቻ ጫኑ፦ አንዱ ስሙ እንደ «ወልደ ጊዮርጊስ» ጥምር የሆነ፣ አንዱ መታወቂያው በዜሮ የሚጀምር፣ አንዱ ምንም ልዩ ነገር የሌለው። ችግር ካለ እዚያው ይታያል።

ስሙ በአማርኛ አልወጣም

እዚህ ላይ ቶሎ አትለፉ፤ በስሙ ቦታ የወጣው ነገር ፊደሉ መጥፋቱን ወይም በስህተት መነበቡን ይነግራችኋል።

የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ፊደሉ ጠፍቷል። ኤክሴል በተራው «ሲኤስቪ» ሲያስቀምጥ የግዕዝ ፊደል የሌለበት የቆየ ኮድ (ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር የሚይዝበት ስልት) ይጠቀማል፣ የማያውቀውንም ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ያንን ፋይል ለማዳን አትድከሙ። ወደ ዋናው ተመለሱና «ሴቭ አዝ» ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ፤ ዩቲኤፍ-8 የግዕዝን ፊደል የሚይዝ ኮድ ነው። የቆየ ኤክሴል ላይ ይህ ምርጫ ከሌለ ፋይሉን ጉግል ሺትስ ላይ ከፍታችሁ ከዚያ በሲኤስቪ አውርዱት፤ የሚያወጣው በዩቲኤፍ-8 ነው።

ጭረት ያለባት ላቲን «ኤ» እየተደጋገመች ከመጣች ደግሞ ፊደሉ አለ፣ የተነበበው ግን በሌላ ኮድ ነው። በዩቲኤፍ-8 «ሀ»ም ሆነ «ፐ» 3 ባይት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ያቺ ፊደል በየ3 ምልክቱ ትመለሳለች። ስትጭኑ «ኢንኮዲንግ» የሚለው ላይ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። የተበላሸው ኤክሴል ላይ ስትከፍቱት ከሆነ ፋይሉን ደብል ክሊክ አታድርጉ፤ «ዴታ»፣ ቀጥሎ «ፍሮም ቴክስት» ብላችሁ «ፋይል ኦሪጂን»ን 65001 (ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው) አድርጉ። እንደተበላሸ ሴቭ እንዳታደርጉት ብቻ ተጠንቀቁ።

ጭረት የሌላቸው ተራ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከመጡ ዝርዝሩ የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ይስሉ ነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ፋይል ዛሬም ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ለማረጋገጥ ስሞቹን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ኤሪያል ቀይሩ። አማርኛው ከጠፋ ዩኒኮድ አልነበረም። ለዚያው ፎንት የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ለአንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ግን እንደገና መጻፉ ይሻላል፤ የመቀየሪያን ስህተት በየስሙ ማደን የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ባዶ ሳጥን ከታየ አትጨነቁ። ዳታው ጤነኛ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ፎንት የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑ።

ስሞች ከዓምዳቸው ወጡ፣ ተራቸውም ተቀየረ

ብዙዎቹ ሲስተሞች «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ይጠይቃሉ። እኛ ጋ ያለው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። የራስን በመጀመሪያው፣ የአባትና የአያትን አንድ ላይ በሁለተኛው አስገቡ። ሙሉ ስሙን በክፍተት የሚቆርጠው «ቴክስት ቱ ኮለምንስ» «ገብረ መድኅን»ን ለሁለት ይከፍልና አባትየውን ወደ አያት ዓምድ ይገፋዋል። ከመቁረጣችሁ በፊት በየስሙ ስንት ክፍተት እንዳለ በቀመር ቁጠሩ፤ 2 ያልሆነውን ረድፍ ሁሉ በዓይናችሁ እዩት።

ከዚህ የባሰው የተራ ጉዳይ ነው። ሲስተሙ በላስት ኔም ሲደረድር በአባት ስም መደርደሩ ነው፤ የወረቀት ሮስተሩ ግን በተማሪው ስም ነው። ስሙ በላቲን ከተጻፈ ደግሞ ተራው የሀ ሁ መሆኑ ይቀራል። ከወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ማርክ የሚሞላ መምህር የአንዱን ውጤት ለሌላው ይሰጣል፣ ምንም የስህተት መልእክትም አይመጣም። ስለዚህ የሮስተር ተራ ቁጥሩን በአንድ ዓምድ ይዛችሁ ግቡ፣ ሲስተሙ ከፈቀደም በእሱ ደርድሩ። ከሞላችሁ በኋላ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ተማሪ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።

አንድ ተማሪ ሁለት ጊዜ ገባ

በ1ኛው ሴሚስተር «ኃይሉ» ተብሎ ገብቶ በ2ኛው «ሀይሉ» ተብሎ መጣ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር ሁለት። ፀሐይና ጸሀይ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ ሁሉ እንደዚያው። ውጤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም «ያልተሟላ» ይላሉ። ከኋላ የቀረ ክፍተት፣ በሁለት ነጥብ (፡) የተለየ ስም፣ ወይም ከድረ ገጽ የተቀዳ የማይሰበር ክፍተትም (ተራ ክፍተት የሚመስል፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ምልክት የሆነ) ይህንኑ ያመጣል። ይህን የመጨረሻውን ትርፍ ክፍተት የሚያነሳው የኤክሴል «ትሪም» ቀመርም አያነሳውም፤ ራሱን ኮፒ አድርጋችሁ «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» ላይ በተራ ክፍተት ተኩት።

የፊደሉን አጻጻፍ አንድ ለማድረግ አትነሱ፤ የልጁ ስም ቤተሰቡ እንደጻፈው ይቆይ። ማዛመዱን በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥር አድርጉት። ሙድል ላይ ውጤት ስታስገቡ «ማፕ ፍሮም» ላይ የመታወቂያውን ዓምድ፣ «ማፕ ቱ» ላይ «አይዲ ነምበር»ን ምረጡ። ይህ የሚሠራው ተማሪው ኮርሱ ላይ አስቀድሞ ከተመዘገበ ነው፤ የውጤት ፋይል አዲስ ተማሪ አይፈጥርም።

መታወቂያ ቁጥሩ ተለወጠ

00417 የነበረው 417 ሆነ፤ 05/12 ቀን ሆነ። ኤክሴል ቁጥርና ቀን መስሎት ነው። 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ከተለጠፈ ደግሞ 16ኛው አሃዝ ዜሮ ይሆናል፣ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝምና። የጠፋው አሃዝ አይመለስም። ዓምዱን ቁጥሩ ከመለጠፉ በፊት «ቴክስት» አድርጉት፤ ከተለጠፈ በኋላ መቀየር የጠፋውን አይመልስም። ሲኤስቪውንም ለማየት ብቻ ኤክሴል ላይ ከፍታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት ዜሮው እንደገና ይጠፋል፤ በኖትፓድ እዩት።

የትውልድ ቀን ተቀባይነት አጣ

ዝርዝሩ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥቅምት 30 ለሲስተሙ የፌብሩዋሪ 30 ነው፣ ጳጉሜም 13ኛ ወር ነው፤ ሁለቱንም ይጥላቸዋል። ዝም ብሎ የሚቀበለው ቀን ይብሳል፣ ልጁን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋልና። ለማርክ ሊስት የትውልድ ቀን ስለማያስፈልግ ዓምዱን ሰርዙት። የግድ ከተባለ ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ አስገቡ።

ጥቃቅኖቹ

ሁሉም መረጃ በአንድ ዓምድ ከታጨቀ መለያው ኮማ (,) ሳይሆን ሴሚኮለን (;) ነው፤ ስትጭኑ «ሴፓሬተር» የሚለውን ቀይሩ። ስም የሌላቸው ተማሪዎች ከተፈጠሩ ከዝርዝሩ በታች ባዶ የሚመስሉ ረድፎች ወይም «ጠቅላላ ወ፣ ሴ» የሚል መስመር ቀርቷል። «ዓምዱ አልተገኘም» ካለ የትምህርት ቤቱ ስምና የተዋሃዱ ሴሎች ከላይ አሉ፤ የዓምዶቹ ርእስ 1ኛው ረድፍ ላይ መሆን አለበት። ጾታ ላይ «ወ» እና «ሴ» ከተጣለ ሲስተሙ የሚቀበለውን አጻጻፍ ከናሙና ፋይሉ ላይ አይታችሁ ተኩ።