ድርጅቶች የሕዝብ ግንኙነት ሥራቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት ይምሩ?

ብዙ ድርጅቶች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚከፍቱት ምርትና አገልግሎታቸውን ለማስተዋወቅ ነው። ገጹን የሚጎበኘው ደንበኛ ግን ከማስታወቂያው ሥር የሰፈሩትን ቅሬታዎችና ድርጅቱ የሰጣቸውን መልሶች አንብቦ ነው ፍርዱን የሚሰጠው። ስለዚህ ምን ይለጠፍ ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ማን፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በማን ፈቃድ ይመልሳል የሚለው በጽሑፍ መወሰን አለበት። ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ዋጋ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን የገጹ ባለሙያ ማንንም ሳይጠብቅ ይመልስ፤ በሰው አካል ላይ የደረሰ ጉዳትን፣ የሕግ ክርክርን ወይም የሠራተኛ በደልን የሚመለከቱት ግን በቀጥታ ወደ ኃላፊ ይተላለፉ። ገጹ ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎች ይኑሩት፤ የይለፍ ቃሉን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፣ ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ገጹም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

ለታዋቂ ሰዎች ከፍሎ ምርቱን ወይም አገልግሎቱን ማስተዋወቅ የሚፈልግ ድርጅት፣ ክፍያ መኖሩ በልጥፉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ በውሉ ውስጥ ያስገባ። በብዙ አገሮች ይህ ሕጋዊ ግዴታ ነው።

ቅሬታ ሲቀርብ በመጀመሪያ በአደባባይ አጭር መልስ ይሰጣል፤ ዝርዝሩ፣ በተለይም የደንበኛው የግል መረጃ፣ በውስጥ መልእክት ይቀጥላል፤ ጉዳዩ ሲፈታ ደግሞ ውጤቱ እዚያው ቅሬታው በተጻፈበት ቦታ ይገለጻል። ይህን የመጨረሻውን እርምጃ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ተመልካቹም ቅሬታው ሰሚ ያጣ ይመስለዋል። ስድብና የሰው ምስጢር የያዘ አስተያየት ሊጠፋ ይችላል፣ ደንቡ አስቀድሞ በገጹ ላይ እስከተለጠፈ ድረስ። ያልወደዱትን ትችት ማጥፋት ግን አያዋጣም፤ ስክሪንሾቱ ድርጅቱ በማይቆጣጠረው ገጽ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ትልቅ ችግር ሲፈጠር ከሁሉ በፊት በቀጠሮ የተያዙ ልጥፎችን ማቆም ይገባል፤ ሕዝብ በተቆጣበት ሰዓት የቅናሽ ማስታወቂያ ብቅ ማለቱ ንቀት ይመስላል። የመጀመሪያው መግለጫ የተረጋገጠውን ነገር፣ እየተወሰደ ያለውን እርምጃና ቀጣዩ መረጃ የሚሰጥበትን ሰዓት ይያዝ፤ ያልተጣራውን መገመት ጉዳቱ ብዙ ነው። ምርመራው እስኪያልቅ ዝም ማለትም ቦታውን ለወሬ መልቀቅ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሁለት የዶሚኖስ ፒዛ ሠራተኞች ምግብ ሲያበላሹ የሚያሳይ ቪዲዮ በዩቲዩብ ሲለቀቅ ኩባንያው ነገሩን ላለማባባስ በመጀመሪያ ዝምታን መርጦ ነበር። ቪዲዮው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ፤ በኋላ የኩባንያው የአሜሪካ ክፍል ፕሬዚዳንት ራሳቸው በዚያው በዩቲዩብ ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። ቁጣው በተነሣበት መድረክ ላይ መልስ መስጠታቸው ትክክል ነበር፤ የጎደለው ፍጥነቱ ነው።

ፍጥነት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ተሳፋሪ ከዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ እየተጎተተ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲሠራጭ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቶሎ መግለጫ ቢያወጡም፣ ስለ ሰውየው መጎዳት አንድም ቃል ስላልነበረበት ቁጣው ባሰ፤ በማግሥቱ ሙሉ ኃላፊነት የሚወስድ ሁለተኛ መግለጫ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ የይቅርታ ረቂቅ ከመለጠፉ በፊት የተጎዳው ሰው በግልጽ መጠቀሱን፣ ማን ምን እንደበደለም በቀጥታ መነገሩን አንድ ሌላ ሰው ያረጋግጥ። የተለጠፈው ይቅርታም ጉዳዩ እስኪዘጋ በገጹ አናት ላይ ይቆይ፤ አዲስ ነገር በተገኘ ቁጥር መረጃው ከነሰዓቱ እዚያው ይታከልበት።