የቡና ገለባ ሳጥን፦ ከሰል የሚቆጥብ ማብሰያ በቤትዎ እንዴት ይሰራል?

ጅማ ውስጥ ቤቱን በማሞቂያ የሚያሞቅ ሰው አላውቅም። የኛ ቤት ኃይል የሚያልቀው ማዕድ ቤት ነው። ከሰሉም፣ እንጨቱም፣ መብራቱም ድስት ስር ነው የሚነደው። ስለዚህ ስለ ቁጠባ ሲወራ እኔ መጀመሪያ የማየው ድስቱን ነው።

ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች ሰዎች ከኮርኒሳቸው በላይ የተፈጨ የጋዜጣ ወረቀት በቱቦ ያስነፋሉ። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት አይሰጥም። የሚሰራው በየመሀሉ አየር ማሰር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ የቤቱ ሙቀት በጣሪያ አያመልጥም። ታዲያ እኛ ጋ አየር የሚያስር ነገር ጠፍቶ አይደለም። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ የሚቀሸርበት ወፍጮ አጠገብ ያለፈ ሰው የገለባውን ክምር ያውቀዋል። ከደረቀ ጀንፈል ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል።

ገለባውን እኛም ኮርኒስ ላይ ብንበትነውስ የሚል ይኖራል። እባክዎ አያድርጉት። እዚያ የሚነፋው ወረቀት ቶሎ እሳት እንዳይዘው በቦሬት ጨው የታሸ ነው። የኛ ገለባ ግን ደረቅ ማገዶ ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ መበተን ቤትን ለእሳት መዳረግ ነው። አይጥም ይራባበታል። ገለባው የሚጠቅመን ድስቱ ዙሪያ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ድስቱን ያፈላሉ፣ ከእሳት ያወርዳሉ፣ ገለባ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ይከቱታል። ምግቡ በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። አንድ ድስት ከፈላ በኋላ የምንጨምርለት ከሰል በአብዛኛው የሚተካው ከጎንና ከክዳን የሚያመልጠውን ሙቀት ነው። ማምለጫውን ከዘጋነው እሳቱ አያስፈልግም። ሀሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ከኖርዌይ የመጣ እንዲህ ያለ ሳጥን ለሕዝብ ታይቷል።

መጀመሪያ ድስቱ

ሳጥኑን ከመስራትዎ በፊት ድስቱን ይምረጡ። ሳጥኑ የሚሰራው በድስቱ ልክ ነው። ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ጆሮዎቹ አጫጭር የሆኑ፣ ቤተሰቡ ዘወትር የሚጠቀምበት ድስት ይሁን። ሁለት ሰው ለሚበላበት ቤት ትልቅ ድስት አይምረጡ። ሙቀቱን የሚይዘው በውስጡ ያለው ምግብና ውሃ ነው፤ ግማሽ የሆነ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መሞላት አለበት።

ሳጥኑ

የእንጨት ሳጥን፣ ሁለት ላይ የተደራረበ ወፍራም ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ትልቅ ቅርጫት ይሆናል። ዋናው ነገር ልኩ ነው። በድስቱ በአራቱም ጎን፣ ከስርና ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይተዉ። ለምሳሌ የድስቱ አፍ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከነክዳኑ 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የሳጥኑ ውስጥ ወርድና ርዝመት 44፣ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ድስቱ ለሚይዘው ቦታ ከቀነሱ በኋላ 60 ሊትር ገደማ ገለባ ይፈልጋል። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገለባ ይዘው ከመጡ ይበቃዎታል።

ገለባው

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የሚፈልጉት ከደረቅ ጀንፈል የወጣውን ገለባ ነው። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው እርጥብ ልጣጭ ይሻግታል፣ ይሸታል። ደረቁንም ቢሆን መጀመሪያ በወንፊት ነፍተው ብናኙን ያስወጡ። ከዚያ ሸራ ላይ አስጥተው ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ያስመቱት። ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ መሆን አለበት። የሻጋታ ሽታ ካለው አይውሰዱት። እርጥበት የገባው ገለባ በአየር ፈንታ ውሃ ነው የያዘው፤ ውሃ ደግሞ ሙቀቱን እየሳበ ይወስደዋል።

ገለባ ካላገኙ በደንብ የደረቀ የጤፍ ጭድ ይተካዋል።

ትራሶቹ

ገለባውን እንዲሁ ሳጥን ውስጥ ማፍሰስ ይቻላል፤ ግን ምግብ ላይ ይበናል። እኔ የምመክረው በአቡጀዲ ትራስ መስፋት ነው። ሦስት ይስፉ፦ አንዱ ለስር፣ አንዱ ረጅም ሆኖ ድስቱን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ አንዱ ለላይ። ከሁሉም ዋናው የላይኛው ትራስ ነው፤ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚያመልጥ። ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ማዳበሪያና ናይሎን በትኩስ ድስት ይቀልጣል። ማዳበሪያውን ከፈለጉ ትራሶቹን ሳያስገቡ በፊት ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ያልብሱት፤ የክረምቱን እርጥበት ይከላከልልዎታል።

ስትሞሉ አትጠቅጥቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ብዙ ገለባ ብዙ ሙቀት የሚይዝ ይመስለናል። የተጠቀጠቀ ገለባ ግን አየሩ ወጥቶለታል። እጅ ሲጫኑት ገባ ብሎ የሚመለስ ትራስ ነው የሚፈለገው። ሌላው ነገር ገለባው ከጊዜ በኋላ ራሱ ይቀመጣል። በየኮርኒሱ የሚነፋው ወረቀት እንኳ እስከ አንድ አምስተኛ ድረስ ዝቅ ይላል። የኔ የመጀመሪያው ሳጥን ከአንድ ወር በኋላ መስራት ያቆመው በዚህ ነበር። ትራሱ ዝቅ ብሎ ከክዳኑ ስር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሮ ነበር፤ ሙቀቱ በዚያ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የትራሱን አንድ ጫፍ በአዝራር ይዝጉት። ሲጎድል ይጨምሩበታል።

መሞከሪያ

ምግብ ከመክተትዎ በፊት በውሃ ይሞክሩት። ድስቱን ሞልተው ያፍሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ አድርገው ዝጉ፣ አራት ሰዓት ሳይከፍቱ ይተዉት። ከዚያ በጣትዎ ጫፍ ድስቱን ለአፍታ ይንኩ። ጣትዎን አሳርፈው ማቆየት ካልቻሉ ሳጥኑ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ካለዎት ውሃው ከ60 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም። ከዚያ በታች ምግብ የሚያበላሹ ተህዋስያን ይራባሉ። ለብ ብሎ ካገኙት በትራሶቹ መሀል ክፍተት አለ ማለት ነው።

ሲያበስሉ

ድስቱን ከከሰል ሲያወርዱ ስሩን ይመልከቱ። የተጣበቀ ፍም ካለ ይጥረጉት። ፍም ከገለባ ጋር መገናኘት የለበትም፤ ይህን ለልጆችም ለሠራተኛም ይንገሩ። ክዳኑን ሳይከፍቱ ቶሎ ይክተቱት። ውሃውን ከተለመደው ሩብ ያህል ይቀንሱ፤ በእንፋሎት የሚወጣ ስለሌለ ወጡ ይቀጥናል።

ሩዝና ድንች አምስት ደቂቃ ከፈሉ በኋላ ሳጥን ውስጥ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃቸዋል። ለሾርባ የሚሆን የተከካ ገብስ አሥር ደቂቃ ፈልቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። የደረቀ በቆሎ ንፍሮ እልኸኛ ነው። አዳሩን ዘፍዝፈው፣ ግማሽ ሰዓት አፍልተው፣ መሀል ላይ አንዴ አውጥተው እንደገና ማፍላት ይኖርብዎታል።

ስለ ቦሎቄ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በጥሬው ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው። መርዙ የሚጠፋው በሚንፈቀፈቅ ውሃ ብቻ ነው፤ በሳጥን ሙቀት አይጠፋም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 አይደርስም። ስለዚህ ቦሎቄውን አዳሩን ይዘፍዝፉ፣ የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉ፣ በአዲስ ውሃ ሙሉ ግማሽ ሰዓት እየተንፈቀፈቀ ይፍላ። ከዚያ በኋላ ነው ሳጥን የሚገባው፤ ሦስት አራት ሰዓት ይበቃዋል።

ሥጋ ያለበትን ወጥ ሳጥኑን በደንብ እስኪያውቁት ድረስ ይተዉት። ማንኛውንም ምግብ ሳጥን ውስጥ ረጅም ሰዓት ካቆዩ ከመቅረቡ በፊት መልሰው ያፍሉት።

በረመዳን ይህ ሳጥን የሚያሳርፈው ሴቶቹን ነው። የአፍጥር ሾርባ ከአስር ሰዓት በፊት ፈልቶ ይገባል፤ አዛን ሲል ትኩስ ሆኖ ይወጣል። በጾም ደረቅ ሰውነት ሁለት ሰዓት ጭስ ላይ መቆም ይቀራል።

ከሰሉስ?

ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ድስቱ ወርዶ ከሰሉ ለብቻው ነዶ ካለቀ ምንም አልቆጠቡም። ወይ ፍሙን ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ጨምረው አፍነው ያጥፉት፤ ነገ ይቀጣጠላል። ጣሳው ግን ደጅ ይሁን፤ የታፈነ ከሰል ጭሱ ባይታይም ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ወይ ደግሞ እኛ ቤት እንደሚደረገው ድስቱ ሲወርድ ጀበናው ይጣዳል። ሽንብራው ሳጥን ውስጥ እየበሰለ ቡናው በዚያው ፍም ይፈላል፤ ሦስተኛው ተጠጥቶ ጎረቤት ሲነሳ ሽንብራውም ደርሷል።

ሳጥኑን ከመሬት በሁለት ብሎኬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ትራሶቹን በወር አንዴ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ያስጡዋቸው።